ከአንገት በታች

ስምንት ዓመት ሆነኝ ገላ ሳነብ ኖሬ፣
ሳሙና በር ታች፣ ሦስት ቁጥር ክፍል ነው ጓዳዬ፣ መንደሬ።
ጭርትን አውቃታለሁ፤ ክብ ናት፣ ጠርዟ ቀይ፣
መሐሏን አብርዳ በዳር የምትገፋ፣ ሰደድ እሳት መሳይ።
ቋቁቻን በስሱ በጥፍር ጫፍ ነክቼ፣
እንደ ወፍጮ ብናኝ ሲረግፍ አይቼ፣
«ለምጽ አይደለም፣ አይዞሽ» እላለሁ፣ ቅባቱን ሰጥቼ።
ችፌ ከክርን እጥፋት፣ ከጉልበት ኋላ ይተኛል፤
ወዝ ሲያጣ ይነቃል።
ቁንጭር ፊት ላይ ወጥቶ፣ ሳያም ሳይቆጠቁጥ ወር ከወር ሲሰፋ፣
«ጸበሉም ይሁን፣ መርፌው ግን አይቅር» ብዬ
ሆስፒታል እልካለሁ፣ ጠባሳው ሳይከፋ።
ነጣ ያለ ምልክት ሳይ፣ የጥጥ ጫፍ አሹዬ፣
«ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ ስነካዎ ይንገሩኝ፣ አባብዬ።»
ነክቼ ዝም ካሉኝ፣ ጓንቴን አውልቄ እጃቸውን እይዛለሁ፣
«መድኃኒቱ በነጻ ነው፤ እንኳን መጡ» እላለሁ።

ይህን ሁሉ ዐዋቂ፣ የሰው ቆዳ ጠያቂ፣
ሚያዝያ ላይ ለገዛ ጣቶቿ ሆነች ሰበብ አፍላቂ።
«የጓንቱ ዱቄት ነው፣» አልኩኝ፤ «የበረኪናው ነው፤»
«ሙቀቱ ይሆናል፤» «ትንኝ ነው፣ ትንኝ ነው።»
ሦስት ሳምንት።
ቀን እንደ ጨዋ እንግዳ ድምፁን አያሰማም፤
ማታ ብርድ ልብስ ሲሞቅ፣ እሱ ነቅቶ ሰው አያስተኛም።
በጣት መሐል፣ በእጅ አንጓ፣ በብብት፣ በእምብርት ዙሪያ፣
ቀጭን መንገድ ያወጣል፣ ያለ ዶማ፣ ያለ ባለሙያ።
እከክ ነው።
ስሙን አፌ እንቢ አለው፤
እኔ፣ ሲስተር ይርገዱ፣ ለስንቱ የነገርኩ ሰው!

ግቢያችን ቀሃ ዳር ነው፤ አምስት ቤት፣ አንድ ቧንቧ፣
በፈረቃ የምትመጣ ውኃ፣ ጠብ የምትል እንደ እንባ።
ለሰው የምለውን አውቃለሁ፦ «አንዱ ብቻ ቢቀባ፣
ከሌላው ዞሮ ነው ተመልሶ የሚገባ።»
አውቃለሁ። ግን አራዳ ወጥቼ፣ ከማያውቀኝ መድኃኒት ቤት፣
ነጠላ ተከናንቤ የድኝ ቅባት ገዛሁ፣ እንደ ሌባ ሴት።
ለብቻዬ ተቀባሁ፤ በር ዘጋሁ፣ መስኮት ዘጋሁ፤
ድኝ ግን ምስጢር አያውቅም፣ በሽታው ታወቅሁ።

እትዬ ማንጠግቦሽ፣ የግቢው ባለቤት፣ ደጄ ላይ ተገተሩ፣
«ይርገዱ፣ ድኝ ነው?» ብለው በሹክሹክታ ጀመሩ።
መልስ አጣሁ።
ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው እጃቸውን ዘረጉ፤
ያው መንገድ ነው፣ ያው ቦይ፣ በየጣታቸው ጥጉ።
«ነርሷ እንዳትጸየፈኝ ብዬ፣
ስድስት ሳምንት ሸሸግሁት፣ እጄን በጉያዬ።»

ሳቅን። አለቀስንም፤ ማን ያስታውሳል የቱ እንደ ቀደመ?
በር ለበር ዞርን፤ ሁሉም የየራሱን እከክ ታቅፎ ነው የከረመ።
ባለ ባጃጁ ሙሉሰው በዚያ ሙቀት ጓንት አጥልቋል፤
ተማሪዎቹ «ፈተና ነው» ብለው ሌሊቱን አምፖላቸው በርቷል፤
ትንሿ ናርዶስ ብቻ፣ እፍረት ገና ያልገባት፣
ጀርባዋን ከግንብ ታሽ ነበር፣ ሁላችን እያየናት።

ቅዳሜ ውኃ መጣች።
አንሶላ ተቀቀለ፣ ገመድ ሞላ፣ ግቢው ነጣ፤
የማይቀቀለውን በማዳበሪያ አሠርነው፣ ሳምንት ሙሉ እንዳይወጣ።
ማታ ቅባት ታደለ፦ ከአንገት እስከ እግር ጥፍር፣
የሚያሳክከውም፣ የማያሳክከውም፣ አንድ ሰው ሳይቀር።
የገዛ እጅ ከጀርባ አይደርስም፣ የነርስም ቢሆን፤
እትዬ ማንጠግቦሽ ቀቡኝ፣ እኔም እሳቸውን።
አራት ዓመት ሙሉ «እንደምን አደሩ»፣ «ደኅና» ተባብለን
ከአንገት በላይ ኖረን፣
ያን ሌሊት ከአንገት በታች ተዋወቅን።

ማሳከኩ ወዲያው አይተውም፤ ተውሳኩ ሞቶም ሁለት ሳምንት ይዘገያል፤
ቆዳም እንደ ጎረቤት፣ የሄደውን ያማል።

ሰኞ፣ ሦስት ቁጥር ክፍል፣ አንዲት ሴት ገባች፤
«ትንሽ ሽፍታ ናት፣» ብላ እጇን ነጠላዋ ሥር ቀበረች።
ምንም አልጠየቅኋትም።
ጓንቴን አውልቄ እጄን ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት፤
ያልጠፋ ቀጭን መንገድ ገና ይታያል።
«ማታ ማታ ነው፣ አይደል?»